ሰማይ ሲጠራ መስኮት ዝጉ

ለልጅነት ወዳጄ፣

ይህ ወረቀት ከእጅህ ሲገባ ጤናህን ሞልቶ፣ ቤትህንም ሰላም አድርጎ ያግኝህ። እንዴት ከርመሃል? ያ የሚያስቸግርህ ጉልበትህስ ተሻለህ? እናትህ እንደምን ናቸው? የቡርጋስ የባሕር አየር ተስማምቷቸው ሳላቸው ቀለል እንዳለ ለጎረቤታችን ለኪና ጽፈውላት ነበርና፣ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ከሥራ አልቀርም፤ የሚቀመስም አይጠፋም። ባሌ ስታሜንም አለ ልበልህና ለጊዜው ልለፈው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ደብዳቤውን ወደ መሥሪያ ቤትህ ሳይሆን ወደ ቤትህ የላክሁት አውቄ ነው። ለምን አልደወለችም ትል ይሆናል። ድምፅህን ከሰማሁ የምናገረው ሁሉ ይጠፋብኛል። ደግሞም የሕንፃችን ግድግዳ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለአንተ አይነገርም፤ ሁለተኛው መግቢያ ያደግህ ልጅ ነህ። እኛ ሾርባ ስንጠጣ ጎረቤት ጨው አነሰው ይላል።

በየካቲት የኤሌክትሪክ ጣቢያችንን ጋዝ ልትለካ የመጣህ ዕለት ከሆነው ካልጀመርኩ ሌላው አይገባህም። ደንቡ እንደሚያዘው መምጣታችሁን አስቀድማችሁ አስታውቃችሁ ስለነበር፣ ምክትል ሥራ አስኪያጃችን ሐጂኤቭ ጣቢያውን እንደ ሙሽራ ቤት ሲያሰናዳ ሰነበተ። ለክፉ ቀን ተብሎ የተቀመጠው ደህናው ከሰል ወጣ። የጋዙ ማለፊያ በር ተዘጋ። ወለሉ ታጠበ። ሰውዬው ራሱ የእንግዶችን ብርጭቆ በመሐረቡ ሲወለውል አየሁት። ከባልደረቦችህ ጋር ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ስትገባ አይብ ያለበት ትኩስ ባኒጻ ተጋግሮ ቀርቦላችሁ ነበር፤ አንተ አልቀመስክም። ፀጉርህ ሸብቷል። ከቼሪ ዛፍ ላይ ገፍትረህ የሰበርከው እጄ ጠረጴዛው ላይ ነበርና፣ አየው ይሆን እያልኩ ሳለሁ ጠየቅኸኝ።

«እመቤት፣ በእርስዎ ተራ የማለፊያው በር ተከፍቶ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልኩህ። «ጋዙ ምንጊዜም ታጥቦ ነው የሚወጣው።»

ሐጂኤቭ ከኋላህ ቆሞ ነበር። አንተም አመስግነህ፣ ጽፈህ ወጣህ። እርስዎ ያልከኝ ለማሾፍ ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር፤ ግን የምርህን ነበር። መዋሸቴን ማወቅህን ከዓይንህ አነበብኩ። ያወቅኸው ነገር እንደማይጠቅምህም አወቅሁ፤ መሣሪያህ በዚያ ቀን የለካው የታጠበውን ነውና። የእኛ የራሳችን መለኪያ ደግሞ የተተከለው በማጠቢያው መንገድ ላይ ነው። በማለፊያው በር የሚሾልከውን አያይም፤ ቁጥሩ ሁልጊዜ ቆንጆ ነው።

ለምን ዋሸሽ ብትለኝ መልሱ አንድ ብቻ አይደለም። ስታሜን ከማዕድን ማውጫው ሥራ ከተቀነሰ በኋላ ለዓመታት ቤት ተቀምጦ እንደነበር ሰምተሃል። ጠጪ ሆነ ያሉህ ተሳስተዋል። መጠጣት እንኳ ትቶ ነበር። ሶፋው ላይ ተጋድሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ምሳ ቀርቧል ስለው «ለማን?» ይለኛል። እንደዚያ ሆኖ ማየት ሲያቅተኝ ሐጂኤቭ ዘንድ ሄጄ ቆሜ ለመንኩ፤ ከሰል በሚያመላልሰው ቀበቶ ላይ ቀጠረልኝ። ሲቀጥረው ምንም አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ግን በሩን እንድከፍት በሚያዘኝ ቁጥር ንግግሩን የሚጀምረው «ስታሜን እንዴት ነው?» ብሎ ነው። ደህና ነው እላለሁ። «እሰይ» ይላል። ከዚያ «በይ እንግዲህ እስኪመሽ ክፈቺው» ይለኛል። እኔም ቁልፉን እጫናለሁ። አንዴ ሌላ ክፍል እንዲያዛውረኝ ብጠይቀው ሳቀ። እንዳንቺ ማሽኑን የሚያውቅ ከየት አመጣለሁ፣ ለሌላ ሰው እንዴት አድርጌ እነግራለሁ አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ወንበሩ ላይ ያስቀመጠኝ ስለምችል ሳይሆን ስለማልችል ነው፤ እምቢ ማለት ስለማልችል።

ሌላው ደግሞ ክረምቱ ነው። ጋዙን የሚያጥበውን የኖራ ውሃ ወደ ማማው ጫፍ የሚገፉት ፓምፖች ውስጣቸው ተበልቶ አልቋል። የሚሠራው ፓምፕ ከማይሠራው ያንሳል። ማጠቢያውን በደንብ ለመጠገን ጣቢያው ለወራት መቆም አለበት፤ ጣቢያው ቆመ ማለት ደግሞ በየቤቱ ግድግዳ የሚሄደው የሙቅ ውሃ ቧንቧ ቀዘቀዘ ማለት ነው። በጥር በረዶ በየፎቁ ያሉትን ጡረተኞች አስባቸው። አንድ ጊዜ በቀልድ አስመስዬ ኪናን ጣቢያው ለአንድ ክረምት ቢዘጋስ ብያት ነበር። የመኝታ ቤቴን በር ፈልጬ አነድዳለሁ፣ በሩ ሲያልቅ ቁም ሳጥኑን፣ ቁም ሳጥኑ ሲያልቅ ባሌን አለችኝ። ሳቅን። ግን ዓይኗ አልሳቀም። ካልታጠበ እንታፈናለን፤ ይታጠብ ካልን ይበርደናል። እኔ መሃል ላይ ተቀምጬ ቁልፍ እጫናለሁ።

አማቴን እማማ ጼናን አትረሳቸውም። ጉልበትህን በተላጥክ ቁጥር ወንበር ላይ አስቀምጠው በራኪያ አረቄ ያጥቡህ የነበሩት፣ ስታለቅስ በፎጣ የሚገርፉህ እሳቸው ናቸው። እስከዚህ ዓመት ድረስ ሕንፃው ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከኪናና ከሌሎቹ አሮጊቶች ጋር ተቀምጠው ሹራብ እየሠሩ ዓለምን ይዳኙ ነበር። ከሁሉ በፊት የሚዳኙት ጭስ ማውጫውን ነው። ያ ወፍራም ነጭ ደመና ከላዩ ሲወጣ ያማትባሉ። «ዛሬም ሊፈጁን ነው» ብለው ቤት ገብተው መስኮት ይዘጋሉ። ደመናው ጠፍቶ ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ የዛሬዎቹ ተረኞች እግዚአብሔርን የሚፈሩ ናቸው ብለው ይመርቁና መስኮቱን ሁሉ ይበረግዳሉ፤ አልጋ ልብሱን በረንዳ ላይ ያሰጣሉ።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አንተ ታውቀዋለህ። በጠራው ቀን ተረኛዋ እኔ ነኝ፤ የምትመረቀውም እኔ ነኝ። ከሥራ ስመለስ መስኮታቸው ተከፍቶ አገኛለሁ፤ ምን እላለሁ? ነፋስ ይመታዎታል ብዬ እዘጋለሁ። ትንኝ ይገባል ብዬ እዘጋለሁ። አንድ ቀን በረዶ እየጣለ ትንኝ ብያቸው እማማ ጼና ግንባሬን በእጃቸው ዳሰሱኝ፤ ትኩሳት ይዟት ይሆን ብለው ነው።

መጋቢት ላይ እንዲያ ጥርት ያለ ቀን አይተው፣ የቀራቸውን የወይን ግንድ ሊገርዙ ከከተማው በላይ ወዳለችው ትንሽ ማሳቸው ወጡ። ነፋሱ ከጣቢያው ወደዚያው ነበር። በትራክተር ነው ያመጧቸው፤ ከንፈራቸው የበሰለ ጥቁር ወይን መስሎ፣ መግረዣው ከእጃቸው አልወጣም ነበር። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ ዕድሜ ነው አለ። እኔ የሥራ ልብሴን እንኳ ሳልለውጥ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

በማግሥቱ ሆስፒታል ውስጥ አልጋቸው አጠገብ ስታሜንና እኔ ተቀምጠን ሳለ እርጎ አምጣልኝ ብለው ላኩት። እርጎ እንደማይወዱ ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ ከወጣ በኋላ የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፋቸው ላይ አነሱት። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ እንደሚጠሩኝ ነው የጠሩኝ።

«ሙሽራ፣ የሚያፍነኝ ነጩ ደመና ያለ ዕለት አይደለም። ሰማዩ የጠራ ዕለት ነው። አርጅቼ እየቃዠሁ ነው ወይስ አንቺ የምታውቂው አለ?»

አንተ የጠየቅኸኝን ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። ያን ዕለት ሐጂኤቭ በሩ ላይ አልቆመም፤ ግን ቆሞ ቢሆንም የምዋሽ አይመስለኝም። እጄን ይዘውት ነበር።

ነገርኳቸው። የምናነደው ከሰል ውስጥ ድኝ አለ፤ ሲቃጠል ክብሪት ሲጫር አፍንጫ የሚወጋው ዓይነት ጋዝ ይሆናል አልኳቸው። ጋዙ ወደ ጭስ ማውጫው ከመድረሱ በፊት ትልቅ ማማ ውስጥ ይገባል፤ ከላይ የኖራ ድንጋይ ዱቄት የተበጠበጠበት ውሃ እንደ ዝናብ ይወርድበታል፤ ኖራው ድኙን ይዞ ታች ጀሶ ሆኖ ይረጋል። ያ ነጩ ደመና ከዚያ መታጠቢያ የወጣ እንፋሎት ነው፤ ልብስ ቀቅለው ክዳኑን ሲያነሱ እንደሚወጣው። ማጠቢያው ሲደክም ወይም ባለሥልጣን ሲያዘን ግን የጎን በር አለ፤ እሱን ስንከፍት ጋዙ ሳይታጠብ ደረቁን ይወጣል። ደረቅ ስለሆነ አይታይም። ሰማዩ የጠራ ይመስላል።

እማማ ጼና ጭንብሉን መልሰው አፋቸው ላይ አድርገው ተነፈሱና አነሱት።

«ስታሜን ያውቃል?»

«ያውቃል።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ከትራስጌያቸው የእመቤታችንን ትንሽ ሥዕል አውጥተው እጄን አስነኩኝ። ልጃቸው እንደገና ሶፋው ላይ ተጋድሞ ግድግዳ ሲያይ ማየት እንደማይችሉ ነገሩኝ። እሳቸው የኖሩትን ኖረዋል፤ ሳንባቸው ለመቃብር ነው፤ የስታሜን ግን ገና ነው አሉ። «በወለድኩት ይዤሻለሁ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ።» ማልኩላቸው። ስታሜን እርጎውን ይዞ መጣ፤ ሦስታችንም ተካፍለን በላን።

ከሆስፒታል ሲወጡ ወደ አግዳሚ ወንበራቸው ተመለሱ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። ብቻ ሰማዩ ሲጠራ ሹራባቸውን ጠቅልለው ይነሳሉ፤ ገብተው መስኮታቸውን ጥርቅም ያደርጋሉ። ነጩ ደመና ሲወጣ ደግሞ ይከፍታሉ። ኪና ምን ሆነሽ ነው ብላ ብትጠይቃቸው፣ ያረጀ አጥንት ከሰው በፊት ያውቃል ብለው አለፏት። ኪና ሞኝ አይደለችም። በሳምንቱ እሷም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ የላይኛው ፎቅ፣ ከዚያ ቀጣዩ መግቢያ፣ ከዚያ ማዶ ያለው ሕንፃ። ግንቦት ሲያልቅ ሰፈሩ ሁሉ የእማማ ጼናን መስኮት እያየ የሚኖር ሆነ። ሲዘጋ ይዘጋሉ፣ ሲከፈት ይከፍታሉ። ኪና ከታች ቆማ «ዛሬ ሰማዩ እንዴት ያምራል፤ በሉ ግቡና ዝጉ» ስትል እሰማት ነበር።

እኔን ግን አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ደረጃው ላይ ሲያገኙኝ ስለ ቲማቲም ዋጋ ያወሩኛል፤ ዓይናቸው ግን እጄ ላይ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም እንደማያውቅ ይኖራል። የተዘጋ መስኮት ወንጀል አይደለም፤ ማንም አይከሰስበትም። እንዲህ እየኖርን ሐምሌ ገባ።

የሐምሌውን ሙቀት አንተም እዚያ ሆነህ ቀምሰኸዋል። የከተማው ሰው ሁሉ ማቀዝቀዣ ሲያበራ ኤሌክትሪክ ይፈለጋል፤ ኤሌክትሪክ ሲፈለግ ጣቢያው ያለ ዕረፍት ይነዳል፤ ፓምፖቹ አይችሉም፤ በሩ ይከፈታል። ሰማያችን እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። ሕንፃዎቹ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ይውላሉ። ማቀዝቀዣ ያለው ጥቂት ነው፤ ሌላው ውስጥ ይቀቀላል። እርጥብ አንሶላ በሩ ላይ እያንጠለጠልን፣ እግራችንን በባልዲ ውሃ ውስጥ አድርገን ቀኑን እንገፋለን።

አንድ ቀን ሐጂኤቭ ከሶፊያ የመጡ እንግዶችን በመኪና ይዞ በሰፈራችን አለፈ። ከእንግዶቹ አንዱ በዚህ ሙቀት መስኮት ሁሉ ዝግ ሆኖ ሲያይ፣ እነዚህ ሕንፃዎች ሰው የለባቸውም እንዴ ብሎ ጠየቀው አሉ። ሐጂኤቭ ምን እንደመለሰ አላውቅም። ግን በማግሥቱ ጠርቶ ያነጋገረው እኔን አልነበረም። ስታሜንን ነበር።

በዚያ ቀን ከሥራ ስመለስ ከሩቅ ያየሁትን ልንገርህ። ሰማዩ የጠራ ነው፤ በሩን በገዛ እጄ ከፍቼው ነው የወጣሁት፤ የሚቀጥለው ተረኛም እንደተከፈተ ተረክቦኛል። የሰፈራችን መስኮት ግን በሙሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መጋረጃው ሁሉ ወደ ውጭ ይውለበለባል። በረንዳ ላይ ልጆች አሉ። ኪና ትራሶቿን አውጥታ እየደበደበች አይታኝ ደስ ብሏት እጇን አወዛወዘችልኝ። የጼና መስኮት ተከፍቷል፤ ዛሬ ደህና ነው ማለት ነው። እንደዚያ ነው ያሰቡት።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ስታሜን እናቱ ክፍል ውስጥ ነበር። መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ መንጠቆውን አስገብቶ፣ ወንበር ስቦ እንደ ዘበኛ አጠገቡ ተቀምጧል። እማማ ጼና አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው የፍራሹን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ስታሜን ቀና ብሎ አላየኝም። ሰው እንዲያይ ያህል ነው፣ ትንሽ ብቻ ነው፣ አሁን ይዘጋል አለ። ልዘጋ ስሄድ አንጓዬን ያዘኝ። አጥብቆ አይደለም የያዘኝ።

«ተዪው» አሉ እማማ ጼና። «ልጄ ያዘዙትን እየፈጸመ ነው።»

ስታሜን ይህን ሲሰማ አንጓዬን ለቀቀው። ተነሳ። ወጣ። በረንዳው ላይ ጭንቅላቱን ከብረቱ ጋር አስደግፎ ቆሞ ሳየው፣ ተናድጄ እንደነበር ረሳሁት። መስኮቱን ዘጋሁ። ከዚያ ታች ወርጄ ኪናን ዝጊ አልኳት። ለምን አላለችኝም። ሰፈሩ አንድ በአንድ ሲዘጋ ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማሁ።

እማማ ጼና ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልተነሱም። ጾመ ፍልሰታው ሊጋመስ ሲል ካህኑን አስጠርተው ተናዘዙ። ካህኑ ከወጡ በኋላ እኔን አስጠሩኝ። መነጋገር ያደክማቸው ስለነበር ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠጋሁ።

«ልጄ ሥራ አገኘ ብዬ ነበር» አሉኝ። «ለካስ ሥራው ነው ልጄን ያገኘው። ሙሽራ፣ ያን ዕለት ካስማልኩሽ መሐላ እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

ሌላ አልጨመሩም። በእመቤታችን ዕርገት ዋዜማ አረፉ። ለቀብሩ ሐጂኤቭ ትልቅ የአበባ ጉንጉን ላከ፤ ሪባኑ ላይ የጣቢያው ስም በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል። ስታሜን ተቀብሎ በመቃብሩ ራስጌ አቆመው። ከዚያ ወዲህ የሚተኛው እናቱ ክፍል ነው። ሥራ ይሄዳል፣ ይመጣል። አንድ ነገር አስቀይሞኝ እንዳይመስልህ፤ የምንጣላበት ነገር እንኳ የለንም። ከግድግዳው ወዲያ መስኮቱን ሲከፍትና ሲዘጋ፣ እንደገና ሲከፍት እሰማዋለሁ።

አንድ ቀን፣ ከቀብሩ ሳምንት በኋላ፣ ሻንጣ ይዤ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄድኩ። ትኬት ቆረጥኩ። የቡርጋሱ አውቶቡስ መጣ፤ ሹፌሩ ሻንጣዬን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። እኔ ግን የማስበው ከእኔ በኋላ ስለምትቀመጠው ሴት ነበር። አዲስ የተቀጠረችው ልጅ ትሆናለች፤ ባሏ ሥራ ፈት ነው፤ ሐጂኤቭ በሚቀጥለው ቀን ጠርቶ ባልሽ እንዴት ነው ይላታል። ሹፌሩ እመቤት ትሄጃለሽ ወይስ ትቆያለሽ አለኝ። ያን ጥያቄ ድሮ አንተም ጠይቀኸኝ ነበር፤ መናኸሪያውም ያው መናኸሪያ ነው። አልተሳፈርኩም። በዚያን ጊዜ ለምን እንደቀረሁ አላውቅም ነበር። አሁን ግን የቀረሁበትን አውቃለሁ።

ክረምቱን ምን እንደምንሆን አላውቅም። ለኪና ምን እንደምላት አላውቅም። ይህን ነገር ስገለብጠው ስንት ሌሊት አለፈ፤ ከየትኛውም ወገን ብይዘው እጅ ያቃጥላል። መፍትሔ አገኘሁ ብዬ አልዋሽህም።

በል አሁን የጻፍኩበትን ልንገርህ። የመስከረም የመጨረሻው ቅዳሜ የእማማ ጼና ተዝካር ነው። አርባቸው በሳምንቱ መሃል ስለዋለ፣ ሰው እንዲገኝ ብለን ወደ ቅዳሜ አዛወርነው። ኮረብታው ላይ ባለው በቅዱስ ኤልያስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ። አንተን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩህና ብትመጣ ደስ ይላቸዋል። ከሩቅ የሚመጣ ሰው መኖሩን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለስታሜንም። አንተም መምጣትህን ለማንም አትናገር፤ የመሥሪያ ቤቱንም መኪና አትያዝ፤ መለኪያህን ግን አትርሳ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሰማያችን ይጠራል። የእናንተን ጨምሮ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ዝግ ናቸውና።

ንፍሮው ከተበላ በኋላ እኔ አልቆይም፤ ተረኛ ነኝ። ሐጂኤቭ የአማትሽ ተዝካር ነው፣ ቅሪ፣ አዲሷን ልጅ አስገባታለሁ ብሎኝ ነበር። አይሆንም፣ እኔው እገባለሁ አልኩት። ታታሪነቴን አመሰገነኝ። ለስታሜን ግን ፈቃድ ጠይቄለታለሁ፤ በዚያ ቀን ጣቢያው አጠገብ አይደርስም። ከእንግዶቹ ጋር ይቀመጣል፤ አጠገቡ ተቀመጥና ስለ እናቱ አጫውተው፤ የድሮውን ማንም አያነሳለትም። ከዚያ አትቸኩል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ግንብ በኩል ወጣ ብትል ጭስ ማውጫው እስከ ጫፉ ይታያል። ወደ ታች የሚወስደው መንገድ ተበላሽቷል፤ በእግር ግን ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጣቢያውን በር የሚጠብቀው የኪና ወንድም ነው። ሰው ሲመጣ ስልክ አንሥቶ ለአለቃ የሚቸኩል ሰው አይደለም፤ ኪና አነጋግራዋለች። ምን ብላ እንዳነጋገረችው አልጠየቅኋትም፤ እሷም እኔን አልጠየቀችኝም።

በዚህ ሰሞን ግቢው ሁሉ ቃሪያ ጥብስ ነው። በየበረንዳው ቀይ ቃሪያ እየተጠበሰ፣ እየተላጠ ለክረምት በጠርሙስ ይሞላል፤ እኔም ዘንድሮ ብዙ ሠራሁ፤ ስታሜን ብቻውን እንኳ ቢሆን እስከ ፋሲካ የሚያደርሰው ያህል። ለእናትህ የሚሆን አንድ ጠርሙስ ለይቻለሁ፤ ኪና ዘንድ ታገኘዋለህ።

ወረቀቱን እዚህ ላብቃ፤ የተዝካሩ ስንዴ ገና ተለቅሞ አላለቀም። እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፣ እጅህን ያጽናልህ። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ ብላለች በልልኝ። እኔን በጸሎት አስበኝ እንጂ አትዘንልኝ።

ከልብ የምታስብህ፣
የሁለተኛው መግቢያ የልጅነት ወዳጅህ